እማዬ አጥንቷ ሳስቷል ተባለ፤ መድኃኒቱን ግን በሦስተኛው ሳምንት አቆመችው

የእማዬ_ልጅ (አዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ። ጽሑፌ ይረዝማል፤ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እናቴ 67 ዓመቷ ነው። ከሁለት ወር በፊት ሳሎን ውስጥ ምንጣፍ ጠልፏት ወደቀች። ከደረጃ ወይም ከወንበር ላይ አይደለም፤ ከቆመችበት ነው። እጇን አስቀድማ ስላረፈች ቀኝ እጇ አንጓው ላይ ተሰበረ። እኔ ሥራ ላይ ስለነበርኩ ጎረቤቶች ወጌሻ ጋ ወሰዷት። በሦስተኛው ቀን እጇ አብጦ ጣቶቿ ሲደነዝዙ ነው ሆስፒታል የሄድነው። እጇ ተስተካክሎ በጄሶ ታሰረ፤ አሁን ድኗል።

ያየን የአጥንት ሐኪም ግን በእጇ ብቻ አላበቃም። «እማማ፣ ድሮ ቁመትዎ ስንት ነበር?» ብሎ ጠየቃት። እሷ አታውቅም። እኔ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ለወንድሜ ሠርግ ያሰፋችው የሐበሻ ቀሚስ ያን ጊዜ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ነበር የሚያርፈው፤ ባለፈው ጥምቀት ስትለብሰው መሬት ይጠርግ ነበር። «ከስታ ነው» ብለን አልፈነዋል። ራጅ ሲነሳ ሁለት የአከርካሪ አጥንቶቿ ተጨፍልቀው ተገኙ። መቼ እንደሆነ እሷም አታውቅም። «ወገቤን» ማለት ከጀመረች ግን ዓመታት ሆኗታል፤ እኛም ቅባት እየገዛን ነው የሰጠናት። ይህንን ስጽፍ አሁንም ያንገበግበኛል።

ከዚያ ዴክሳ የሚባለውን የአጥንት ጥግግት ምርመራ አስደረግናት። የወገቧ ቲ-ስኮር −3.2፣ የዳሌዋ −2.6 ሆነ። አሌንድሮኔት 70 ሚሊግራም በሳምንት አንድ ክኒን፣ ከዚያ ሌላ ካልሲየም ከቫይታሚን ዲ ጋር ታዘዘላት። ሦስት ሳምንት ወስዳ «ደረቴን አቃጠለኝ፣ እኔ ይህን መርዝ አልውጥም» ብላ ተወችው። በዚያ ላይ እናቴ አንድም ጾም አታልፍም፤ ወተትና እንቁላል ከግማሽ ዓመት በላይ ቤታችን አይገባም ማለት ይቻላል።

በዚህ ያለፈ ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ። መድኃኒቱ ቢቀርባትስ? በምግብ ብቻ አይሆንም?

---

ፋርማሲስት_ከመርካቶ

እግዚአብሔር ይማርልሽ እህቴ። አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ፤ ክኒኑን ስትውጥ አጠገቧ ሆነሽ አይተሻታል?

ይህን የምጠይቅሽ ያለ ምክንያት አይደለም። አሌንድሮኔት የአወሳሰድ ሥርዓቱ ካልተጠበቀ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ አይሠራም፣ ያቃጥላልም። በትክክል ቢወሰድ እንኳ ከክኒኑ ወደ ደም የሚያልፈው ከ1 በመቶ በታች ነው። በቡና ወይም በብርቱካን ጭማቂ ከተዋጠ ከዚያችው ጥቂት ላይ ወደ 60 በመቶው ይቀነሳል። በወተት ወይም ከካልሲየም ክኒን ጋር ከተወሰደማ ባይወሰድ ይሻላል፤ ካልሲየሙ አንቆ ይይዘውና አብረው ይወጣሉ።

ስለዚህ በተመረጠው ቀን ጠዋት እንደነቃች፣ ምንም ሳትቀምስ፣ በትልቅ ብርጭቆ ሙሉ ተራ ውሃ ትዋጠው። አምቦ ውሃ አይሆንም። ብዙ እናቶች «ለሆዴ ይስማማኛል» ብለው በአምቦ ሲውጡት አይቻለሁ፤ ውስጡ ያሉት ማዕድናት መድኃኒቱን ይይዙታል። ክኒኑን አታኝከው፣ አፏ ውስጥም አታሟሟው። ከዋጠች በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ ትቁም ወይም ቀጥ ብላ ትቀመጥ። ጋደም ካለች ክኒኑ የምግብ ቧንቧዋ ላይ ተጣብቆ ያቆስላታል፤ ያ ማቃጠል በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው። ቡናም ቁርስም ሌላ መድኃኒትም ከ30 ደቂቃው በኋላ። ካልሲየሙን ወደ ከሰዓት ወይም ወደ ማታ አዘዋውሩት።

ይህን ሁሉ ጠብቃ አሁንም ካቃጠላት፣ ወይም መዋጥ ራሱ የሚያማት ከሆነ ደግማ አትውሰደው፤ ወደ ሐኪሟ ተመለሱ። ሌላ መንገድ አለ።

---

የእማዬ_ልጅ

ወንድሜ፣ አሁን ጠየቅኋት። ከኪዳን ስትመለስ በቡና ነው የምትውጠው። ከዚያ «ትንሽ ልረፍ» ብላ አልጋ ላይ ጋደም ትላለች። ሦስቱንም ሳምንት እንዲሁ። ማንም አልነገራትም፤ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው «በሳምንት 1» ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን ይቸግራታል። በጾም ቀን እስከ 9 ሰዓት ውሃ አትቀምስም፤ እሑድ ደግሞ ትቆርባለች።

---

ፋርማሲስት_ከመርካቶ

የሳምንት ክኒን መሆኑ ለዚህ ይጠቅማል። ረቡዕና ዓርብን ትታ ማክሰኞን ትያዝ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ወደ ቅዳሜ መቀየር ይቻላል፤ ቀን ስትቀይሩ ግን ሁለት ክኒን በተከታታይ ቀን እንዳይወሰድ ከሐኪሟ ወይም ከፋርማሲስት ጋር ተነጋገሩ። የንስሐ አባቷንም አማክሩ። እኔ ዘንድ የሚመጡ እናቶች አባታቸው «ለመድኃኒት ነው» ብለው ሲፈቅዱላቸው ነው ልባቸው የሚያርፈው፤ ከሐኪም ማዘዣ ይልቅ ያቺ ቃል ትጸናባቸዋለች።

---

ነርስ_ሚኒያፖሊስ

አይዞሽ እህቴ። ቁጥሮቹን ላብራራልሽ፤ ትርጉሙ ካልገባት እናትሽም መድኃኒቱን አትቀበለውም።

ቲ-ስኮር የእናትሽን አጥንት ከጤናማ ወጣት ሴት አጥንት ጋር ያነጻጽራል። ከ−1 በላይ ደህና ነው። ከ−1 እስከ −2.5 መቀነስ ጀምሯል ማለት ነው፤ ኦስቲዮፔኒያ ይሉታል። −2.5 እና ከዚያ በታች ኦስቲዮፖሮሲስ፣ የአጥንት መሳሳት ነው። ይህን ልኬት የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው በ1994 ነው። የእናትሽ ጉዳይ ግን በቁጥር ብቻ የሚታይ አይደለም። ከቆመበት ወድቆ የተሰበረ፣ ሳይወድቅም አከርካሪው የተጨፈለቀ ሰው አጥንቱ ራሱ መስክሯል። ቁጥሩ −2.0 ቢሆን ኖሮም ሕክምና ያስፈልጋት ነበር።

አጥንት የሞተ ነገር አይደለም። እንደ ጭቃ ቤት ነው፤ የተሰነጠቀው ይፋቃል፣ አዲስ ይለሰናል። የሚፍቁ ሴሎች አሉ፣ የሚለስኑ ሴሎች አሉ። እስከ 30 ዓመት ገደማ ልሰናው ይበልጣል፤ ከዚያ ይመጣጠናሉ። ሴት ስታርጥ ፋቂዎቹን ይዞ የነበረው ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ይወርድና ፍቅፈቃው ያይላል። ካረጡ በኋላ ባሉት ከ5 እስከ 7 ዓመታት እስከ 20 በመቶ የሚሆነው የአጥንት ጥግግት ሊሄድ ይችላል። ሕመም የለውም፣ ምልክት የለውም። አሌንድሮኔት የሚያደርገው ፋቂዎቹን ማዘግየት ነው፤ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ደግሞ ጭቃውና ጭዱ ናቸው። ጭቃ እያቀረብሽ ፋቂውን ካልያዝሽው ግድግዳው አይቆምም። «በምግብ ብቻ አይሆንም ወይ» ላልሽው መልሴ ይህ ነው፤ ሁለት አከርካሪ ከተሰበረ በኋላ ምግብ ብቻውን አይበቃም።

ሌላው፣ «እርጅና ነው» ከማለታችሁ በፊት ሌላ ምክንያት መኖሩን ጠይቁ። የደም ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ፣ ኩላሊት፣ ታይሮይድ፣ ፓራታይሮይድ ታይቶላታል? የእንቅርት መድኃኒት ትወስዳለች? መጠኑ ከበዛ አጥንት ይበላል። በዕድሜ ዘመኗ ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ ፕሬድኒሶሎን ለወራት ወስዳለች? እነዚህን ጻፊልኝ።

---

የሸዋ_ሰው

ሁላችሁንም አከብራለሁ፤ ግን ልቤ ያላመነውን ልናገር። አያቴ ከ80 ዓመት በላይ ኖራ ነው ያረፈችው። ዴክሳ አታውቅ፣ ክኒን አታውቅ። ጤፍ በልታ፣ ጎመን በልታ፣ ከምንጭ ውሃ ቀድታ ነው የኖረችው። አሁን እርጅናን ሁሉ በሽታ ብለን ስም እየሰጠን እናቶቻችንን በክኒን እየሞላናቸው አይደለም ወይ? የእህታችን እናት ክኒኑ ካቃጠላት ሰውነቷ አልፈልግም ብሎ ይሆናል።

---

ነርስ_ሚኒያፖሊስ

ወንድሜ፣ ጥያቄህ የብዙ ሰው ጥያቄ ነው፤ ስላነሳኸው አመሰግናለሁ። እኔም አንድ ልጠይቅህ። አያትህ በመጨረሻ ዘመናቸው ጎብጠው ነበር?

---

የሸዋ_ሰው

አዎ ጎብጣ ነበር። በዱላ ነበር የምትሄደው፤ ቀና ብላ ሰው ለማየት አንገቷን ወደ ጎን ትመልስ ነበር። ሁሉም አሮጊት እንዲያ ነው ብለን ነው ያደግነው።

በመጨረሻ ደጅ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ወጌሻ መጣ። ከአልጋ አልተነሳችም፤ በአራተኛው ወር አረፈች። ሳንባ ነው ተባለ።

ስጽፈው አሁን ነው እያየሁት ያለሁት።

---

ነርስ_ሚኒያፖሊስ

ነፍሳቸውን ይማር። ያ ጉብጠት ራሱ የአከርካሪ ስብራት ሳይሆን አይቀርም፤ አንዱ ከፊት በኩል ይጨፈለቃል፣ ከዚያ ሌላው፣ ጀርባው ይቆለመማል። አብዛኛው የአከርካሪ ስብራት ማንም ሳያውቀው ያልፋል። ዳሌ የተሰበረ ሽማግሌ ደግሞ በአልጋ ላይ ሲቆይ የሳንባ ምች ይይዘዋል፣ ደም ይረጋል፣ ገላው ይቆስላል። ቀዶ ሕክምና በሚገኝበት አገር እንኳ ዳሌያቸው ከተሰበረ አረጋውያን ከአምስቱ አንዱ ገደማ በዓመት ውስጥ ያርፋል። አያቶቻችን ይህ በሽታ ስላልነበረባቸው አይደለም፤ ስም ስላልነበረው ነው።

ስለ ጤፉና ጎመኑ ግን እውነትህን ነው፤ ያቺን ነገር አትተዋት።

---

ጓዳ_ነሽ (ባሕር ዳር፣ የሥነ ምግብ ባለሙያ)

እዚህ ላይ እኔ ልግባ፤ በጾም ወራት የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነውና።

ከ50 ዓመት በላይ ለሆነች ሴት በቀን 1,200 ሚሊግራም ካልሲየም ይመከራል። አንድ ብርጭቆ ወተት ወደ 300 ገደማ ይሰጣል፤ በፍስክ ቀን እርጎና አይብ ከተጨመረ አይከብድም። በጾም ግን ስሌቱ ይቀየራል። ጤፍ ከእህሎቻችን ሁሉ በካልሲየም የታደለ ነው፤ 100 ግራም ደረቅ ጤፍ ወደ 180 ሚሊግራም ይይዛል። ስንዴና ሩዝ አጠገቡ አይደርሱም። ሊጡ ሲቦካ ደግሞ ማዕድኑን አንቆ የሚይዘው ፋይቴት ይቀንሳል፤ እንጀራችን በደንብ መቡካቱ ለጣዕም ብቻ አይደለም።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትባት ነገር። የሐበሻ ጎመንና ቆስጣ አንድ አይደሉም። ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው፤ ነገር ግን ቆስጣ ኦክሳሌት የሚባል ንጥረ ነገር ስለበዛበት ካልሲየሙን አስሮ ይዞት ይወጣል። የጎመኑ ካልሲየም ግን ከወተት ባልተናነሰ ወደ ሰውነት ይገባል። ሁለቱ እኩል ዋጋ ቢሆኑ ለእናትሽ ጎመኑን ግዢ። ሰሊጥም ጥሩ ነው፤ ተቆልቶና ተፈጭቶ በፍትፍት ወይም በመጠጥ። ከነቅርፊቱ ሲሆን ቁጥሩ ትልቅ ይመስላል፣ ሰውነት የሚያገኘው ግን ከዚያ ያነሰ ነው።

ፕሮቲንንም አትርሺ። እናቶች ሲጾሙ ሽሮውን ያቀጥኑታል፣ እንጀራ በሻይ ይበላሉ። አጥንት የካልሲየም ክምር ብቻ አይደለም፤ ማዕድኑ የሚያርፍበት መረብ ፕሮቲን ነው። ወፈር ያለ ሽሮ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ።

ካልሲየም ክኒን ስትወስድ ደግሞ አንድ ላይ ከ500 ወይም ከ600 ሚሊግራም በላይ አይሁን፤ ሰውነት የሚቀበለው በጥቂቱ ነው። ካልሲየም ካርቦኔት ከምግብ ጋር ነው የሚወሰደው። ውጭ አገር ያሉ ልጆች በሻንጣ እየላኩላት ከሆነ ሁሉንም ደርባ እንዳትወስድ ተጠንቀቂ፤ ሲበዛ የኩላሊት ጠጠር ያመጣል።

---

ከሪያድ_እህታችሁ

እኔ 31 ዓመቴ ነው፤ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ሦስት ዓመት ከቤት አልወጣሁም ማለት ይቻላል፤ ስወጣም በዓባያ ተሸፍኜ ነው። ከዓመት በፊት ጭኔንና ወገቤን ያመኝ ጀመር፤ ከመሬት ለመነሳት እጄን መደገፍ ያስፈልገኝ ነበር። እመቤቲቱ «ሰነፍሽ» አለችኝ። ክሊኒክ ስሄድ ቫይታሚን ዲ 6 ነው ተባልኩ። ይህ እናንተ የምትሉት ነው?

---

ነርስ_ሚኒያፖሊስ

እህቴ፣ ስንፍና አልነበረም። በናኖግራም መለኪያ ከ20 በታች እጥረት ነው፤ 6 በጣም ዝቅተኛ ነው።

የአንቺ ግን ሌላ ነው፤ ብዙ ጊዜ ይምታታል። የአጥንት መሳሳት ማለት የአጥንቱ መጠን ማነስ ነው። አንቺ ላይ የሚጠረጠረው የአጥንት መለስለስ፣ ኦስቲዮማላሺያ ነው። መረቡ አለ፣ ማዕድኑ አላረፈበትም። የጭንና የዳሌ ሕመም፣ ከተቀመጡበት ለመነሳት መቸገር የዚህ ምልክት ነው፤ ተራው የአጥንት መሳሳት እስኪሰበር ድረስ አያምም። ጥሩ ዜናው በሐኪም በተሰጠ ቫይታሚን ዲና ካልሲየም በወራት ውስጥ የሚሻሻል መሆኑ ነው። ልጅ ሆነን እናቶቻችን ፀሐይ ያሞቁን የነበረው ለዚህ ነበር፤ ቆዳችን በፀሐይ ነው ቫይታሚን ዲ የሚሠራው። ጥቁር ቆዳ ደግሞ ከነጭ ቆዳ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። እኔ ያለሁበት ከኅዳር እስከ መጋቢት ፀሐይ ብትወጣም ለዚህ ጥቅም አትሰጥም፤ ሪያድ ፀሐይ ሞልቷት እያለ በግድግዳ ውስጥ መዋል ግን ልክ እንደ ሚኒሶታ ክረምት ነው። ጊቢ ካለ፣ ሰገነት ካለ፣ ልብስ ስታሰጪ ክንድሽን ገልጠሽ ጥቂት ቆዪ። መድኃኒቱን ደግሞ «ተሻለኝ» ብለሽ አታቋርጪ፤ ድጋሚ ይለካልሽ።

የእማዬ ልጅ፣ ለእናትሽም ቫይታሚን ዲ መለካት ያለበት ለዚህ ነው። በጣም ዝቅ ብሎ እያለ የአጥንት መድኃኒት ቢጀመር ካልሲየሟ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል፤ በተለይ በመርፌ የሚሰጡት።

---

የወንጂ_ልጅ

አባቴ ዕድሜ ልኩን በሸንኮራ እርሻ ሠርቶ የጉድጓድ ውሃ ጠጥቶ ነው ያደገው። ጥርሱ ቡናማ ነው፤ ጀርባው ደርቆ አይታጠፍም። ራጅ ሲነሳ «አጥንቱ ወፍራም ነው» አሉን፤ እኛም ጠንካራ መስሎን ደስ አለን። ከዚያ ወድቆ ጭኑ ተሰበረ። እንዴት ነው ይህ?

---

ነርስ_ሚኒያፖሊስ

የስምጥ ሸለቆ ውሃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት ነው ወንድሜ። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በአካባቢያችሁ ከዚያ እጅግ የሚበልጡ ጉድጓዶች ነበሩ። በሽታው በወንጂ ሠራተኞች ላይ ከዓመታት በፊት ተጠንቶ የታወቀ ነው። ፍሎራይድ አጥንት ውስጥ ሲገባ ያወፍረዋል፣ ግን እንደ ሸክላ ተሰባሪ ያደርገዋል። ማሽኑ የሚያነበው ውፍረቱን እንጂ ጥንካሬውን አይደለም። ስለዚህ የስምጥ ሸለቆ አካባቢ ሰው ዴክሳ ሲያደርግ የት እንዳደገ ለሐኪሙ መንገር አለበት። ዛሬም ከጉድጓድ የምትጠጡ ከሆነ ሌላ የውሃ ምንጭ ፈልጉ።

---

የዲሲ_እህት

ይህን ክር አንብቤ ሳልጽፍ ማለፍ አልቻልኩም።

እናቴ እዚህ ዴኖሱማብ የሚባል መርፌ በየስድስት ወሩ ትወጋ ነበር፤ ሁለት ዓመት ተኩል። ቲ-ስኮሯ እየተሻሻለ ነበር። ከዚያ ለእህቴ ሠርግ አገር ቤት ሄደች። «ሁለት ወር» ብላ ዓመት ልትሞላ ምንም አልቀራትም፤ ክረምቱ ገባ፣ ለቅሶ መጣ፣ ትኬት ተራዘመ። መርፌዋን ማንም አላስታወሰም። እኛ ያሰብነው «አጥንቷ ተሻሽሏል፣ ትንሽ ቢዘገይ ምን አለበት» ነው። በአሥረኛው ወር ከአልጋዋ ስትነሳ ጀርባዋ ቀጭ አለ። ከአንድ ወር በኋላ ሌላ። ስትመለስ ሦስት አከርካሪዎቿ ተጨፍልቀው ነበር።

ሐኪሟ የነገረን ያን ጊዜ ነው። ይህ መርፌ አጥንት ውስጥ አይቀመጥም። ስድስት ወሩ ሲያልፍ ታስረው የነበሩት ፋቂዎች ሁሉም በአንድ ጊዜ ይለቀቃሉ፤ ሁለት ዓመት የተገነባው በወራት ይፈርሳል፣ አከርካሪም በላይ በላዩ ሊሰበር ይችላል። ማቆም ካስፈለገ በሐኪም ዕቅድ ነው፤ በምትኩ ወዲያው ሌላ መድኃኒት ይሰጣል። አሌንድሮኔትና ዞሌድሮኔት የሚባለው ሌላ የአጥንት መድኃኒት ግን አጥንት ውስጥ ስለሚቆዩ ለጥቂት ጊዜ ቢዘገዩ እንዲህ አያደርጉም።

እናቶቻችን እየሄዱ እየተመለሱ ነው የሚኖሩት። እናታችሁ የምትወስደው ይህን መርፌ ከሆነ ትኬት ከመቆረጡ በፊት የመርፌውን ቀን እዩ። አገር ቤት የምትቆይ ከሆነ መርፌው ከየት እንደሚገኝ አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ ካልተገኘ ሳትሄድ ሐኪሟ መድኃኒቱን ይቀይርላት። ይህን አንድ ሰው ነግሮን ቢሆን ኖሮ እናቴ ዛሬ የልጅ ልጇን ታቅፍ ነበር።

---

የእማዬ_ልጅ

እህቴ፣ ምሕረቱን ይላክላት። ይህን አስቀምጬዋለሁ፤ ወንድሜ ወደ አሜሪካ ሊወስዳት እያሰበ ነበር።

ለነርሷ እህቴ፣ የጠየቅሽኝን ሳጣራ አንድ ነገር አገኘሁ። እናቴ ጉልበቷን ሲያማት ከሰፈር መድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ «ያቺን ነጭ ክኒን» ትገዛ ነበር። ባዶ ፓኬቱን መሳቢያዋ ውስጥ አገኘሁት፤ ፕሬድኒሶሎን ነው። እያቆመች እየጀመረች አራት ዓመት።

---

ፋርማሲስት_ከመርካቶ

ይህ በሙያዬ ውስጥ የሚያሳዝነኝ ነገር ነው። ሕመሙን ቶሎ ስለሚያጠፋው ሰው ይወደዋል፤ አጥንቱን የሚለስኑትን ሴሎች ግን ያዳክማቸዋል። ከሦስት ወር በላይ የወሰደ ሰው ሁሉ፣ ወንድም ሴትም፣ ወጣትም ሽማግሌም፣ ስለ አጥንቱ መጠየቅ አለበት። ወንዶች ይህ የሴት በሽታ ብቻ እየመሰላቸው ዳሌያቸው ሲሰበር ነው የሚነቁት።

አደራ፣ አሁንም እየወሰደች ከሆነ በአንዴ እንዳታስቆሚያት። ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ድንገት ሲያቆም ራሱን ሊስት፣ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል፤ በሐኪም ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው። ዛሬውኑ ደውይለት።

---

ፊዚዮ_ጎንደር

ስለ መድኃኒቱ ተብሏል። እኔ ስለ ወገቧ ልናገር።

አከርካሪዋ የተጨፈለቀ እናት ወገቧን አጥፋ ወደ ፊት መጎንበስ የለባትም። የተጎዳው የአከርካሪው የፊት ግድግዳ ነው፤ ስትጎነብስ ሸክሙ ሁሉ እሱ ላይ ያርፋል። አጭር መጥረጊያ ይቅር፣ ረጅም እጀታ ያለው ይገዛላት። የእንጀራ ምጣዱ መሬት ላይ ከሆነ ከፍ ይበል። ጀሪካን አታንሳ። ሕፃን ከመሬት አታንሳ፤ ተቀምጣ ይሰጧት።

ስግደቱን ብዙዎች ሊያነሱት ያፍራሉ። በሕማማት ግንባሯን መሬት እያስነካች መቶ ጊዜ የምትሰግድ እናት አጥንቷ በዚህ ሁኔታ ላይ ከሆነ አደጋ ነው። «አትስገጂ» ብትሏት ደግሞ ትታመማለች። እኔ የማደርገው፣ የንስሐ አባታቸው ባሉበት ጉልበትን በማጠፍና ራስን ዝቅ በማድረግ ብቻ ቆመው የሚሰግዱበትን አሳያቸዋለሁ። እስካሁን እምቢ ያለ አባት አላጋጠመኝም።

አጥንት ሸክም ካልተሰማው አይገነባም፤ ስለዚህ «ተኚ፣ እንዳትሰበሪ» ማለት ያባብሰዋል። በየቀኑ ትራመድ። ከወንበር እጇን ሳትደገፍ 10 ጊዜ መነሳትና መቀመጥ። ግድግዳ ይዞ ተረከዝን እያነሱ በእግር ጣት መቆም። ግድግዳ ይዞ በአንድ እግር መቆም፤ ይህ ሚዛኗን ያጸናል። ትከሻን ወደ ኋላ መሳብ። ሲለመድ ባለ ግማሽ ሊትር ውሃ በየእጇ እየያዘች።

ቤቱን ደግሞ በእሷ ዓይን ተመልከቺው። ያ ምንጣፍ አሁንም አለ? ከአልጋዋ እስከ ሽንት ቤት መብራት አለ? መብራት ሲጠፋ ባትሪው ትራሷ ሥር ነው? ነጠላ ጫማ ትታ ከኋላ የሚይዝ ጫማ ታድርግ። ዓይኗ ሞራ ካለው ይታይ። ከመኝታ ስትነሳ የሚያዞራት ከሆነ የደም ግፊት መድኃኒቷ ይከለስ። ብዙ ስብራት የተጀመረው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ በጨለማ ወደ ሽንት ቤት ሲሄዱ ነው።

---

የእማዬ_ልጅ (ከ10 ሳምንት በኋላ)

መጥቼ ላመስግናችሁ ነው፤ ያለፈውንም ልንገራችሁ።

ቫይታሚን ዲዋ 11 ነበር። በሳምንት አንዴ የሚወሰድ ከፍተኛ መጠን ለስምንት ሳምንት ተሰጣት፤ ፕሬድኒሶሎኑም ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው። ታይሮይዷና ኩላሊቷ ደህና ናቸው። አሌንድሮኔቱን በነገራችሁኝ መንገድ ሁለት ጊዜ ሞከረችው፤ ቃጠሎው ቀነሰ፣ ግን አልጠፋም። ሐኪሙ ቧንቧዋን አሳይቶ ቁስለት አገኘና ወደ ዞሌድሮኔት ቀየረላት፤ በዓመት አንድ ጊዜ በደም ሥር የሚንጠባጠብ 5 ሚሊግራም። በ2007 በወጣ ትልቅ ጥናት የአከርካሪ ስብራትን በ70 በመቶ፣ የዳሌን በ41 በመቶ እንደቀነሰ አስረዳን። ከመሰጠቱ በፊት የሚነቀል ጥርስ ካላት ይነቀል ብሎን አንድ መንጋጋዋ ተነቅሎ እስኪድን ጠበቅን፤ አልፎ አልፎ የመንጋጋ አጥንት የሚጎዳበት አጋጣሚ አለ፣ ጥቂት ነው ግን አለ።

በወሰደች ማግስት ትኩሳትና ቁርጥማት ያዛት። አስቀድሞ ስለተነገረን አልደነገጥንም፤ ፓራሲታሞል ወስዳ በሦስተኛው ቀን ለቀቃት። ለእርሷ ትልቁ እፎይታ ክኒን መዋጡ መቅረቱ ነው።

ምንጣፉን አንስተነዋል። ቀሚሷን ለልብስ ሰፊ ሰጥቼ ጫፉን በአራት ጣት አሳጠርኩላት። የንስሐ አባቷ ቆማ እንድትሰግድ ፈቅደውላታል፤ ያን ቀን እንዳለቀሰች አልደብቃችሁም። ከትናንት በስቲያ ጎረቤታችን ከደጃፏ ወድቃ እጇ ሲያብጥ ወጌሻ ሊጠሩ ሲሉ እናቴ ናት «መጀመሪያ ራጅ» ብላ ታክሲ ያስጠራችው።

የዲሲ እህቴ፣ ታሪክሽን ለእናቴ አንብቤላት ነበር። «ለእናቷ ንገሪያት፣ ቀኑን አታሳልፍ» ብላለች።

---

የዲሲ_እህት

አሜን፣ ዕድሜ ይስጥልን። ቀጣዩ ነሐሴ 12 ነው፤ በማቀዝቀዣው በር ላይ በትልቁ ተጽፏል፣ በአራታችንም ስልክ ላይ አለ።